ወግ ያልተማረው ባላጋራ

ሰንጠረዥ ብቻውን የሚጫወት ሰው የለም፤ ጨዋታው ባላጋራ ይሻልና። ስለዚህ ባላጋራውን ያጣ ሰው ገበታውና ጠጠሩ በፊቱ ቢኖሩም ጨዋታውን እንዳጣ ይቈጠራል። በመካኒሳ፥ ከአቦ ማዞሪያ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ መንደር በሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ላይ ይህ ደረሰ። ለብዙ ዘመን አብረዋቸው ይጫወቱ የነበሩት ጎረቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሰንጠረዡ በሣጥን ተዘግቶ ቀረ።

የኮምፒውተር ትምህርት የተማረው ልጃቸው ይህን አይቶ አዘነ። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ እየተቀመጠ፥ በኢንተርኔት መመልከቻ፥ ይኸውም ብራውዘር በሚባለው የሚከፈት ሰንጠረዥ ሠራ። እቴጌ ጣይቱም ሳይቀሩ ይጫወቱት እንደ ነበረ የሚነገርለት የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ፥ እንደ ፈረንጆች ቼዝ ጥቁርና ነጭ የተዥጐረጐረ ሳይሆን፥ በቀይ ጨርቅ ላይ ጠቈር ያለ መሥመር የተሰመረበት ነው። ስለዚህ ገበታውን መሣል ቀላል ነበረ። ያስቸገረው ባላጋራውን መሥራት ነው።

ለዚህ ሥራ የታወቀ መንገድ አለ። ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1950 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ መኪናው «እኔ ይህን ባንቀሳቅስ ባላጋራዬ ምን ይመልሳል?» እያለ ወደ ፊት ይመረምራል፤ ለእያንዳንዱም አሰላለፍ ዋጋውን በቍጥር ይሰጣል። በዚሁ መንገድ በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር፥ በአንድ ሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አሰላለፍ እየመረመረ፥ የዓለሙን አሸናፊ ጋሪ ካስፓሮቭን ድል ነሥቷል።

ነገር ግን ይህ መንገድ ተራን ይፈልጋል፤ የእኛ ሰንጠረዥ ደግሞ በመክፈቻው ተራ የለውም። ወረራ በሚባለው በዚህ ክፍል፥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በፈቀዱት ፍጥነት፥ የፈቀዱትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። መምህሩ እጃቸውን ሳያነሡ መኪናው ሠራዊቱን ሁሉ አሰልፎ ጨረሰ። ስለዚህ ልጁ ትዕግሥትን ሠራለት፤ የአባቱን እጅ ፍጥነት እየለካ፥ እርሳቸው አንድ ሲያንቀሳቅሱ እርሱም አንድ ብቻ እንዲያንቀሳቅስ አደረገው።

መምህሩ በመጀመሪያው ምሽት ተሸነፉ፤ በሁለተኛውም ተሸነፉ። በሦስተኛው ምሽት መኪናው ንጉሣቸውን በደር፥ ማለት ፈረንጆች ግንብ በሚሉት ጠጠር፥ መውጫ ባሳጣው ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ምነው፥ አባባ?»

«ልጄ፥ ይህ ያሠራኸው ባላጋራ ወግ አያውቅም። በደር የሚያሸንፍን ሰው ማን ያመሰግነዋል?»

ልጁ ይህን ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም ነበረ። በዚያች ሌሊት አባት ሲናገሩ ልጅ ሲጽፍ አመሹ። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ እንደ ስንፍና ይቈጠራል፤ በፈርዝ መያዝ መካከለኛ ነው፤ በፊል ወይም በመደቅ፥ ይኸውም በተራው እግረኛ፥ የያዘ ግን ይመሰገናል። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ማሳደድም ድል አይባልም። በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በአገራችን የነበረው ዋልተር ፕላውደን ይህን ልማድ አይቶ ጽፎታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዐት ጥናት አሳትመዋል። ለልጁ ግን መጽሐፉ አባቱ ነበሩ።

መኪና ኀፍረት የለውም፤ ቍጥር ብቻ አለው። ስለዚህ ልጁ ኀፍረትን በቍጥር ጻፈለት፤ በደር ለሚገኝ ድል ጥቂት፥ በመደቅ ለሚገኝ ድል ብዙ ዋጋ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ መኪናው የሚያምረውን ድል ሲያሳድድ ጎኑን እየገለጠ፥ ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ጊዜ ተሸነፈ። መምህሩም ሲያሸንፉት «አሁን ሰው ሆነ» እያሉ ይሥቁ ጀመር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጁ ወደ ቤት ሲገባ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ፥ ሣጥኑ ተከፍቶ፥ ቀዩ ጨርቅ በጠረጴዛው ላይ ተነጥፎ አገኘ። ጠጠሮቹም በሁለት ወገን ተሰልፈው ነበረ። «ና ተቀመጥ፤ ወጉን ከጻፍኸው እጅህም ሊያውቀው ይገባል» አሉት። የተሻለው ባላጋራ ሳይታወቅ በቤቱ ውስጥ ሲሠራ ከርሞ ኖሯል።