እሰጥ አገባ

በዛሬው አነጋገራችን «እሰጥ አገባ» ስንል ፍሬ ቢስ ንትርክ ማለታችን ነው። የስብሰባው መሪ «እሰጥ አገባውን ትተን ወደ ቁም ነገሩ እንለፍ» ባለ ጊዜ ሊቃወም እጁን ያነሣው ሰው እጁን ያወርዳል። ቃሉ ግን ድሮ እንዲህ የተዋረደ አልነበረም። በጥንቱ የሙግት ወግ ተከራካሪው ለቃሉ እውነትነት ማር ወይም በቅሎ ይወራረድ ነበር፤ የተረታው ይከፍላል። እሰጥ አገባ ማለት እንግዲህ ለተናገሩት ነገር ዋጋ መቁረጥ ነበር።

የበላ ልበልሃ ሙግት በዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይካሄድ እንደ ነበር መምህራን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ቁራኛው ነው። ባላንጦቹ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወደ ዳኛ አብረው ይጓዛሉ። ባይስማሙም፣ ይልቁንም ባለመስማማታቸው የተነሣ፣ አንዱ ሌላውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ሥርዓቱን ላሞካሽ አልሻም፤ አንደበተ ርቱዕ ባለጉልት ኮልታፋውን ጭሰኛ ስንት ጊዜ እንደ ረታው መገመት አያዳግትም። ቢሆንም ተቃውሞ አደባባይና ደንብ ነበረው።

እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎች ግን በየመድረኩ የምንኮራው በሌላው ውርሳችን፣ በሰምና ወርቅ ነው። አዝማሪው ጌታውን እያወደሰ እንዴት እንደ ሸነቆጠው መተረክ ደስ ይለናል። እኔም ቅኔን እወዳለሁ። ነገር ግን ወርቅ የሚቀበረው ሌባ ሲፈራ መሆኑን እንዘነጋለን። በስውር የተነገረ ተቃውሞ የገባውን ያስቃል፤ የተነገረበትን ሰው ግን መልስ እንዲሰጥ አያስገድደውም። መልስ ከሌለ ደግሞ ክርክር የለም።

በግልጽ የተናገሩት የከፈሉትን እናውቃለን። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በንጉሡ ዘመን ታግዷል። የበዓሉ ግርማ ነገር ከዚያም የከፋ ነው። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ የነበረው ደራሲ የ1974ቱን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ ተመልክቶ «ኦሮማይ»ን ጻፈ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ተሳስቷል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ሌላ መጽሐፍ ነበር። ያ ሌላ መጽሐፍ ሳይጻፍ ቀረ። ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ መክሸፉን አደባባይ አውጥቶ መመርመር ያስፈልግ በነበረበት ሰዓት የመረመረው ሰው ጠፋ፤ ጦርነቱም እስከ 1983 ቀጠለ።

በእነዚያው ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል መርሐ ግብር መኖሩ ነው የሚገርመው። ሂሱ ግን እንደ ዝናብ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ነበር።

ይህ ልማድ ከዘመኑ ጋር አላለፈም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት የጻፈውን ተውኔት እንድንገመግም ተጠርተን ነበር። በጠረጴዛው ዙሪያ የተባለው «ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ነገር ቢስተካከል» ብቻ ነው። ሻይ ቤት ከገባን በኋላ ግን ሦስተኛው ገቢር ጨርሶ እንደማይቆም፣ የእናቲቱ ገጸ ባሕርይም ከሌላ ተውኔት የተዋሰች እንደምትመስል ሁሉም በየተራ ተናገረ። እንዴት ያለ ጥሩ ሂስ ነበር! ወጣቱ በዚያ ሰዓት ምስጋናውን ይዞ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር።

ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች አንድ አሳብ አለኝ። በአንድ ሥራ ላይ ሂስ በወጣ ቁጥር የባለሥራው መልስ በተከታዩ እትም፣ በዚያው ገጽ፣ ሳይቆረጥ ይውጣ፤ ሁለቱም በስማቸው ይፈርሙ። በቅሎ ማስያዝ ባይቻል ስም ማስያዝ ይቻላልና። በዚህ ጽሑፍ ቢጀመር አልቃወምም።