የማስታወሻ ነገር

ኮምፒውተር ሲታመም ሁለት ዐይነት ጠባይ ያሳያል። አንዱ በግልጽ ይወድቃል፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፤ ባለቤቱንም ያናድዳል። ሁለተኛው ግን ምንም ሳይል ሥራውን እየቀጠለ፣ የሰጡትን አደራ ለውጦ ይመልሳል። ውድ አንባቢ ሆይ፤ ብዙዎቻችን የምንፈራው የፊተኛውን ነው፤ ሊፈራ የሚገባው ግን የኋለኛው ነው እንላለን። ይህንም የምንለው ባለፈው ክረምት ሰቆጣ ላይ ካየነው ተነሥተን ነው።

እኛ ከዋግ ኽምራ የመጣን ጥቂት የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች፣ በዕረፍታችን ወራት የፃግብጂ ሽማግሌዎችና እናቶች የሚነግሩንን በአማርኛም በኽምጥኛም እየቀዳን እንጽፋለን። ፃግብጂ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ሰው ቀዬውን ለቆ በሰቆጣና በወለህ የተጠለለበት ወረዳ ነው። ስለዚህ ከምንሰማው ውስጥ ተረትና ምሳሌ ብቻ ሳይሆን «ማን መጣ? ማን ወሰደ? ማን ሞተ?» የሚለውም አለበት። በእንዲህ ያለ ቃል ላይ አንድ ፊደል ቢለወጥ ነገሩ ሌላ ነገር ይሆናል።

የምንሠራበት አሮጌ ኮምፒውተር 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ስለ ነበረው፣ ረጅም ድምፅ ሲከፈትበት ይንገዳገድ ነበር። ገንዘብ አዋጥተን ከአንድ ሱቅ ሌላ 4 ጊጋባይት ገዛንለት። ማሽኑም 8 ብሎ ቈጠረ፤ እኛም ደስ አለን። ደስታችን ግን ሦስት ቀን አልሞላም። በጽሑፍ መካከል ይጠፋ ጀመር፤ ትናንት የተከፈተው ፋይል ዛሬ አልከፈትም አለ፤ ሰማያዊውም ገጽ በየጊዜው ሌላ ሌላ ምክንያት እየጻፈ ብቅ አለ።

አማካሪ አልጠፋም። አንዱ «ቫይረስ ነው» አለ፤ ሌላው «መብራቱ ነው፤ ሲሄድ ሲመጣ አቃጥሎታል» አለ፤ ሦስተኛውም «ዊንዶውሱን አጥፍታችሁ እንደ ገና ጫኑት» ሲል መከረ። ሁሉም ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ነገር ግን መብራቱ ዱሮም ይሄድ ይመጣ ነበር፤ ማሽኑ ግን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በእርሱ ላይ የተለወጠ አንድ ነገር ቢኖር ራሙ ነው፤ ምርመራውም ከተለወጠው ነገር መጀመር አለበት። ዊንዶውስን በታመመ ራም ላይ መጫን ደግሞ ንጹሕ ውሃ በቆሸሸ እንስራ እንደ መቅዳት ነው፤ አዲሱም ሲጫን በዚያው ያልፋልና።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው። ማሽኑ ከመብራት ይነቀላል፤ በእጅ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወርድ የሣጥኑ ብረት ይነካል። ራሙ ወጥቶ ወርቃማው ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ይጠረጋል፤ ሲመለስም ግራና ቀኙ መቈለፊያ ቀጭ እስኪል ይጫናል፤ ብዙ በሽታ በዚህ ብቻ ይድናል። ከዚያ በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበባል። በዲዲአር 3 ራሞች መካከል 1.5 ቮልት የሚፈልግና በ1.35 ቮልት የሚሠራ አለ፤ አንዳንዱ ማሽን ዝቅተኛውን ብቻ ነው የሚቀበለው። የፍጥነት ልዩነትም ቢኖር፣ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም በዘገየው ያስኬዳቸዋል።

ይህ ሁሉ ካልበጀ ራሞቹን ለያይቶ፣ እያንዳንዱን ብቻውን በየማስገቢያው መፈተን ነው። ስሕተቱ ራሙን ከተከተለ በሽታው የራሙ ነው፤ ማስገቢያውን ካልለቀቀ የማዘርቦርዱ ነው፤ ለየብቻ ደኅና ሆነው አንድ ላይ ከተጣሉ ግን አለመስማማት ስለሆነ፣ በባዮስ ፍጥነታቸውን ዝቅ ማድረግ ሊያስታርቃቸው ይችላል።

ፈታኙ ሜምቴስት 86 ፕላስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ከፍላሽ ላይ ይነሣል፤ ዊንዶውስ አያስፈልገውም። በራሙ ላይ እየጻፈ መልሶ ያነባል፤ የጻፈውና ያነበበው ካልተስማማ በቀይ ያስታውቃል። አንድ ዙር ስለማይበቃ ሌሊቱን ሙሉ መተው ይሻላል። ሁለት ሌሊት መብራት ሄዶ ከመንገድ አቋረጠብን፤ በሦስተኛው አሮጌው ራም ያለ እንከን አነጋ። አዲሱ ግን በሁለቱም ማስገቢያ፣ በዚያው በአንድ አድራሻ ላይ ቀይ ጻፈ። ፍርዱም ተሰጠ።

ራም ለምን ይሳሳታል? ሮበርት ዴናርድ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1968 የባለቤትነት መብት ያገኘበት አሠራር እስከ ዛሬ መሠረቱ ነው። እያንዳንዱ ቢት ጥቂት ኤሌክትሪክ የያዘች ታናሽ ጕድጓድ ናት ብንል እንቀርባለን። ጕድጓዲቱ ታፈሳለች፤ ስለዚህ በተለምዶ በየ64 ሚሊሰከንዱ መታደስ አለባት። ከመታደሷ በፊት ከደረቀች 1 የነበረው 0 ይሆናል።

ይህ በእኛ ፊደል ላይ ሲደርስ የሚያመጣው ጉድ ነው ያስደነገጠን። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለየሆሄው ቍጥር ተሰጠው። «ጣ» 4899 ነው፤ «ጡ» 4897 ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዲት ቢት ብቻ ናት። ያች ቢት ስትጠፋ «መጣ» የነበረው «መጡ» ይሆናል። «ገደለ»ም እንዲሁ በአንዲት ቢት «ገደሉ» ይሆናል። በእንግሊዝኛ ቃል ላይ አንዲት ቢት ብትወድቅ ብዙውን ጊዜ ትርጕም የለሽ ቃል ይወጣና ዐይን ይይዘዋል፤ በእኛ ግን አንዱ ሰው ብዙ ይሆናል፤ ዐረፍተ ነገሩም ሳይንገዳገድ ይቆማል። ራሙ ሳይጨመር ያተምነው አንድ ወረቀት «መጣ» ይላል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይነካው ወደ ፍላሽ የተገለበጠው ተራ የጽሑፍ ፋይል «መጡ» ይላል። ምስክሩ አንድ ሰው መጣ ብለው ነበር።

ሊቃውንቱ መድኀኒት አላጡለትም። ሪቻርድ ሃሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ስሕተቱን ራሱ የሚያርም ኮድ አሳተመ፤ ዛሬም የሰርቨር ራም በተለምዶ ለ64 ቢት 8 ተጨማሪ ቢቶችን በምስክርነት ያቆማል። የፃግብጂ ሽማግሌዎች ይህን ሳይማሩ ያውቁታል። አንዱ ሲናገር ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ «የለም፤ ያን ጊዜ በሬው አንድ ነበር» ብሎ ያርመዋል። የኛ ርካሽ ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ጎረቤት የለውም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ በማሽናችሁ ውስጥ ሳለ ራም ልትጨምሩ ብታስቡ፣ አስቀድማችሁ ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ከጨመራችሁም በኋላ አንድ ሌሊት ሳትፈትኑ አንዲት መስመር አትጻፉበት። 8 ብሎ መቍጠሩ ለመታመኑ ማረጋገጫ አይደለም። ደብተራችሁንም አትጣሉ። እኛ አዲሱ ራም ውስጡ በነበረባቸው ቀናት የተጻፈውንና የተገለበጠውን ሁሉ ከደብተሩና ከድምፁ ጋር ቃል በቃል እያስተያየን ነው፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ገና እኩሌታው ይቀራል።