ከስምንት ወደ ስድስት
ጉበት የሚያመነጨው የሐሞት አሲድ ቅባትን ለመፍጨት አግዞ ሲያበቃ፣ 95 በመቶ ያህሉ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ተመጥጦ ወደ ጉበት ይመለሳል። ሳይመጠጥ ያለፈው ሲበዛ ግን ትልቁ አንጀት ውኃ እንዲያመነጭ ያደርገዋል፤ ሥር የሰደደ ተቅማጥም ይከተላል። ሕመምተኛው ከቤት ሳይወጣ መጸዳጃ የት እንደሚገኝ ያጠናል፤ ከግብዣ ይቀራል፤ ምክንያቱን ለማንም አይናገርም። ብዙዎች ለዓመታት “የአንጀት ቁጣ ነው” ተብለው ይሸኛሉ።

ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የዴንማርክ ሙከራ 52 ሕሙማንን ለስድስት ሳምንት ተከታትሏል። ግማሾቹ ለስኳር በሽታና ለውፍረት የሚታዘዘውን ሊራግሉታይድ በመርፌ፣ የቀሩት አሲዱን አንጀት ውስጥ የሚያስረውን ኮለሰቬላም በአፍ ወሰዱ። ማን የትኛውን እንደ ወሰደ እንዳይለይ ለሁሉም መርፌም እንክብልም ተሰጠ፤ ከሁለቱ አንዱ መድኃኒት አልነበረበትም። ተመራማሪዎቹ ሊያሳዩ የተነሡት ሊራግሉታይድ ከነባሩ እንደማያንስ ብቻ ነበር። ይሁንና የሰገራ ድግግሞሻቸው በ25 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው በሊራግሉታይድ ከ26ቱ 20፣ በኮለሰቬላም 13 ሆኑ።

ዋናው መለኪያ ሕሙማኑ ራሳቸው የመዘገቡት ቁጥር መሆኑ ድክመት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። የበሽታው ጉዳት የሚታየው ግን እዚያው መዝገብ ላይ ነው። ይልቅ የሚያሳስበው የመስፈርቱ ልክ ነው፦ በቀን ስምንት ጊዜ ይመላለስ የነበረ ሰው ስድስት ጊዜ ቢመላለስ “ተሽሎታል” ተብሎ ይቆጠራል፤ ከግብዣው ግን አሁንም ይቀራል።