የውድማው ዜማ

በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሚውል ሰው ቀኑን ሙሉ የሚደጋግማት አንዲት ጥያቄ አለችው፤ «ሙሉ ስምዎ ማን ይባላል?» የምትል። ይህችን ጥያቄ ለዓመታት ስጠይቅ፣ መልሷ ምን ያህል ውድ እንደሆነ አስቤ አላውቅም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እንጅባራ ጉም ለብሳ በሰነበተችበት የነሐሴ ወር፣ አንድ ሐኪም ያችኑ ጥያቄ ለአባቴ አቀረበላቸው። አባቴ ሐኪሙን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ከንፈራቸውን ደጋግመው አንቀሳቀሱ… «እ… እ…» ከማለት በቀር የወጣ ቃል አልነበረም። ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ተንጠልጥሏል። ስትሮክ ነው ተባልን፤ ደም የተቋረጠበት የግራው የአንጎላቸው ወገን ነው። የምንላቸውን ይሰማሉ፣ ይረዱማል፤ መልሱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

በአማርኛም በአገውኛም ጨዋታ አዋቂ የነበሩት ሰው በሁለቱም ቋንቋ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ አንዲት ቃል ሳሳድድ ሌሊቱ የሚነጋብኝ፣ ገጣሚ ነኝ ለማለት ገና የማልደፍር ሰው ነኝ። አባቴ ፊት ስቀመጥ ቃል ማባከን ነውር መስሎ ይሰማኝ ጀመር።

ታኅሣሥ ገባ። አንድ ምሽት እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ገብስ ስታበጥር፣ አባቴ በጉልምስናቸው ውድማ ላይ በሬዎቹን እያዞሩ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ በአፍንጫዋ ማሰማት ያዘች። ለማንም ብላ አይደለም፤ እጇ ሥራ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከመደቡ ላይ ድምፅ ተነሣ። የአባቴ ድምፅ! ዜማው ብቻ ቢሆን ባልደነቀኝ፤ ቃሉም ነበረ፤ ሳይሰበር፣ ስንኝ በስንኝ፣ የበሬዎቹ ስም ሳይቀር። እናቴ ወንፊቱን አስቀምጣ «ምን አሉ?» አለቻቸው። «እ… እ…» አሉ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ለተጠየቀው ሁሉ «ታን» እያለ የሚመልስ በሽተኛ ገጥሞት ነበር። ሰውየው ሲሞት አንጎሉ ተመረመረ፤ ጉዳቱም በግራው የፊት ክፍል ተገኘ። ያ ሥፍራ እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል። ቃልን አሰናድቶ ወደ አፍ በመስደድ ረገድ የዚህ አካባቢ ድርሻ ብዙ ነው። ሙዚቃን ግን አንድ መንደር ብቻውን አያስተናግደውም። ከጆሮ የተነሣው ድምፅ ግራና ቀኝ ወዳሉት የአንጎል የጎን ክፍሎች ይደርሳል፤ የቃናን ከፍታና ዝቅታ በመለየት የቀኙ ወገን ይበረታል፤ ምቱን ደግሞ እጅና እግርን የሚያዝዙት ክፍሎች ይቀበሉታል፤ እኛ ቁጭ ብለን እያዳመጥን እንኳ። (ከበሮ ሲመታ ትከሻው ሳያስፈቅደው የሚነቀነቅ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።) ስለዚህ አንደኛው መንገድ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የአባቴ ነገር አዲስ እንዳልሆነም ተረዳሁ። መናገር ተስኖት መዝሙር ግን የሚዘምር ሰው በስዊድን ገና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በአሜሪካ ቦስተን ያሉ ባለሙያዎች፣ በሽተኛው አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን እያዜመ በግራ እጁ ምት እንዲመታ የሚያደርግ የንግግር ሕክምና ለዓለም አስተዋወቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነውሬን ልናዘዝ። ይህን ባነበብኩ ማግስት ለአባቴ የወሰድኩላቸው የራሴን ግጥም ነበር! በዜማ አስማምቼ፣ ግራ እጃቸውን በእጄ ይዤ ጉልበታቸው ላይ እየመታሁ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ደከምኩ። አባቴ በትዕግሥት አዩኝ። አንዲት ቃል አልወጣም። እናቴ ከጓዳ ሆና የውድማውን ስትጀምረው ግን፣ ከእኔ ጋር ይሠራ በነበረው በዚያው እጃቸው እየመቱ ተከተሏት።

ኋላ ያነበብኩት ነገር ይህን ሽንፈቴን ፈታልኝ። በጀርመን ላይፕሲግ ያሉ ተመራማሪዎች እንደ አባቴ ያሉ 17 ሕሙማንን ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ቃሉን ጎትቶ የሚያወጣው የዜማው መውጣትና መውረድ ራሱ ሳይሆን፣ ይበልጡን ምቱና የስንኙ መለመድ ነው ይላሉ። ነገሩ አሁንም ያከራክራል። እኔ ግን ምጣኔ ሲጓደልብኝ ጣቴን እያጠፍኩ የምቆጥር ሰው ነኝና፣ ምቱ ነው ቢባል ደስ ይለኛል። የግጥሜን ምት ያስተማሩኝ ማን ሆኑና? ልጅ ሆኜ ጅራፍ ይዤ ከበሬዎቹ ኋላ ስዞር፣ የአባቴ ስንኝ የበሬዎቹ እግር ገለባው ላይ ሲያርፍ እኩል ያርፍ ነበር። የእኔው ግጥም አንድ ሳምንት ብቻ ያደገ ነው፤ የእሳቸው ዐርባ አዝመራ አልፎበታል።

መፍትሔውን ያገኘችው እናቴ ናት፤ ጥናትም አላነበበች። በውድማው ዜማ ውስጥ አንዲቱን ሐረግ አውጥታ በቦታዋ «ውሃ ስጡኝ» የሚል አገባች። ሐረጉ ጋ ስትደርስ ዝም ትላለች፤ ትጠብቃለች። ጆሮ የሚመጣውን አውቆ ሲጠብቅ፣ አፍ ሊሞላው የሚሮጥ ይመስለኛል። ለሦስት ሳምንት ያህል የበሬዎቹ ሐረግ ብቻ ወጣ። በአንድ ጠዋት፣ ማንም ሳይጀምርላቸው፣ አባቴ ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ በዜማ ውሃ ጠየቁ። እናቴ ጣሳውን ይዛ ቆማ አለቀሰች፤ ውሃው ግማሹ ፈሰሰ።

ዛሬ ቤታችን ውስጥ ስድስት ሰባት ያህል ነገር በዚያ ዜማ ይጠየቃል፤ ቡና፣ ጋቢ፣ በሩ ይዘጋ… ስሜን ደግሞ እናቴ ዳለቻ የተባለው በሬ ይጠራበት በነበረው ቦታ ላይ አኑራዋለች። ከሥራ ስገባ አባቴ ጉልበታቸውን መምታት ይጀምራሉ፤ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ስሜ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ዳለቻ ይመጣል።

«አቤት» እላለሁ።