የእንቁጣጣሽ ሥዕል ልመና ነው?

"ልጅን ሥዕል አስይዞ በየቤቱ መላክ ልመና ማስተማር ነው" የሚል አስተያየት ዘመን መለወጫ በቀረበ ቁጥር እሰማለሁ። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግማሹን ግን ስተውታል።

ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ የእኛ የወንዶቹ ሥራ ሥዕል ነበር። ጳጉሜን ሳይገባ እንጀምራለን። የቀለም እርሳስ በምላጭ እንፍቅና ዱቄቱን በጥጥ ወረቀቱ ላይ እናሸዋለን። ሰማያዊው ሰማይ ይሆናል፣ ቢጫው የአደይ መስክ። እጁ የተባረከ መልአክ ይስልበታል። መሳል የማይሆንለት ድንች ለሁለት ቆርጦ አበባ ይቀርጽበታል፣ ቀለም ነክሮም ያትማል። ማኅተም ይቀርጹ የነበሩ አንድ ጎረቤታችን የጎማ ቁርጥራጭ ይሰጡን ነበር። ፊደል ማኅተም ላይ ተገልብጦ እንደሚቀረጽ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። "በ" ቢገለበጥም ያው "በ" ነው፤ "ረ" ግን ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ "እንኳን አደረሳችሁ" የሚለውን በእጃችሁ ጻፉት ይሉን ነበር።

መስከረም 1 ጠዋት በር እናንኳኳለን። ባለቤቱ ሥዕሉን ተቀብሎ ያያል፣ "አንተ ነህ የሳልከው?" ይላል፣ ሳንቲም ይሰጣል፣ ይመርቃል። አንዳንዱ ግድግዳው ላይ ይለጥፈውና እስከ ፋሲካ እናየዋለን። ለማኝ ባዶ እጁን ይዘረጋል፤ እኛ ግን የሠራነውን ይዘን ነበር የምንሄደው። በኋላ ልጆች ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሥዕል ማዞር ሲጀምሩ ነው ነገሩ ልመና መምሰል የጀመረው። ልጁ ምንም ካልሠራበት የሚቀረው የተዘረጋው እጅ ብቻ ነው። ወቃሾቹ እዚህ ላይ ልክ ናቸው።

የፈረንጁ ካርድ ታሪክ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ለወዳጆቹ ሁሉ የገና ደብዳቤ መጻፊያ ጊዜ ቢያጣ፣ ሠዓሊ አሠርቶ 1,000 ያህል ካርድ አሳተመ። ካርድ የተፈጠረው ድካም ለመቀነስ ነበር ማለት ነው። እኛም ሩቅ ላለ ዘመድ ፖስት ካርድ ልከናል፤ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች እኮ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ግን ቴምብር አያስፈልገውም። ላኪውም፣ ፖስተኛውም አንድ ልጅ ነው። ዛሬ በቴሌግራም ከሰው ተቀብለን ለሰው የምናስተላልፈው የአደይ ምስል የሄንሪ ኮል ልጅ ነው፣ የእኛ አይደለም።

ይህን የማነሳው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ነዋሪው በከተማዋ ዳርቻዎች ተበትኗል። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተጽፏል፤ የእኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። አዲሱ ሰፈር ቤቱ ደህና ሊሆን ይችላል። በሩ ግን ዝግ ነው። ፎቅ ለፎቅ እየኖርን ስማችንን አንተዋወቅም። ሰው ሲታመም ማን ይጠራል? ለቅሶ ሲመጣ እድሩ ከማን ጋር ይቆማል? ትልቅ ሰው የማያውቀውን በር ለማንኳኳት ምክንያት ይፈልጋል። ሥዕል የያዘ ልጅ ምክንያቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ዘንድሮ ጳጉሜን ሲገባ ልጆቻችሁን አሥር ወረቀትና አንድ ድንች ስጧቸው። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም፣ ብቻ የራሳቸው ይሁን። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወጥተው ያንኳኩ። በሩ የሚንኳኳው የእናንተ ከሆነ ደግሞ ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ሥዕሉን እዩለት፣ ስሙንም ጠይቁት። የማን ልጅ እንደሆነ ስታውቁ ጎረቤት አገኛችሁ ማለት ነው።