ከቡሬ ገበያ እስከ አየር መንገድ መዝገብ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአይሮፕላን የሚሄድ ሰው 330 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የአየር ጎዳና በአንድ ሰዓት ገደማ ይፈጽመዋል። በመኪና የሚሄደው ግን የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፥ በደብረ ማርቆስ፥ በደምበጫ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ሲዞር 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የፊተኛው ቶሎ ይደርሳል፤ የኋለኛው አገር ያያል። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ መንገዱ ደኅና በነበረበት ዘመን፥ በኅዳር ወር በምድሩ መንገድ አልፈን ያየነውን ለአንባብያን ልንገልጽ ወደድን።

በመንገዱ ሁሉ ከልባችን ያልጠፋ አንድ ጥያቄ ነበረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያጓጓዘውን መንገደኛና ጭነት እየቈጠረ በየጊዜው ያስታውቃል። ይህ ቍጥር ለጎጃም ገበሬ ቤት ምን ይነግረዋል? ከገበሬውስ ቤት ምን ይገባበታል? የሚል ነው።

ቍጥሩን አስቀድመን እናስታውስ። በ2016 የበጀት ዓመት አየር መንገዱ 17 ሚሊዮን ያህል መንገደኛና 754 ሺህ ቶን ያህል ጭነት አጓጉዟል። ይህን ለ12 ወር ብናካፍለው ለአንድ ወር 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ያህል ሰውና 63 ሺህ ቶን ያህል ዕቃ ይደርሰዋል። ጭነቱን በገበያችን ልማድ በኩንታል ብንቈጥረው በወር 630 ሺህ ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። ከመንገደኞቹም 3 ሚሊዮን 700 ሺህ ያህሉ በአገር ውስጥ በረራ የተመላለሱ ናቸው።

ይሁን እንጂ ወር ሁሉ እኩል አይደለም። ለገናና ለጥምቀት፥ ለፋሲካና ለእንቍጣጣሽ በውጭ ያለው ወገናችን ወደ አገሩ ይጎርፋል፤ በሌላው ጊዜ ወንበሩ ይቀላል። ስለዚህ የአንድን ወር ሥራ መመዘን የሚወድ ሰው ከቀደመው ወር ጋራ ሳይሆን ካለፈው ዓመት ከዚያው ወር ጋራ ያስተያየዋል። ፋሲካም በየዓመቱ ቀኑን ስለሚለውጥ፥ እርሱ የዋለበትን ወር ለይቶ ማየት ይገባል።

ደምበጫንና ጂጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ምድሩ ለምለም፥ አየሩም ከደብረ ማርቆስ ይልቅ ሞቅ ያለ ሆኖ አገኘነው። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ይህ ከተማ የዛሬውን ስሙን ያገኘው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው፤ ትርጓሜውም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሙ እንዲያው ለማማር ብቻ የተሰጠ እንዳይመስለን፥ በዚህ አገር በ1933 ዓ.ም. የሆነውን ማሰብ ይበቃል።

በዚያ ዓመት በጥር ወር ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም መጡ። በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው ጦር ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በግመል ነበር፤ 15 ሺህ ያህል ግመል ተነሥቶ፥ ዳገቱና ብርዱ ስላልተስማማው እጅግ የሚበዛው በመንገድ አለቀ። ጠላት በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቆ ሄደ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። እንግዲህ በዚህ አገር ጭነት ማለት ቀላል ነገር እንዳልነበረ፥ የመንገድ ዋጋም በነፍስ ይከፈል እንደ ነበረ ይህ ያስረዳል።

ከዚህ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1938 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀንም የመጀመሪያው አይሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። የዚያን ጊዜዎቹ አይሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ዳኮታዎች ስለ ነበሩ፥ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ፥ ጭነቱ በመካከል በገመድ ታስሮ ይሄድ ነበር። ሰውና ዕቃ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን ሰው በላይ፥ ዕቃ በታች ሆኖ ተለያይቷል፤ በመዝገቡም ዓምዳቸው ሁለት ነው።

ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን ማንኩሳን አልፈን ቡሬ ገባን። ቡሬ መንገድ የሚገናኝበት ከተማ ነው፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፥ ሁለተኛው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወርዳል። በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቆበታል፤ የእርሻ ፍሬ የሚቀነባበርበት የኢንዱስትሪ ፓርክም ተቋቁሞበታል። ከሁሉ ይልቅ ግን የቡሬ ስም የሚጠራው በበርበሬው ነው። በኅዳር ሜዳውም ግቢውም በዛላ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

በከተማው ዳር ከአንዲት ሽማግሌ ወይዘሮ ቤት በእንግድነት ገባን። እርሳቸውም በርበሬ ሲቀነጥሱ አገኘናቸው።

«እመይቴ፥ ይህ ሁሉ ለቤት ነውን?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ለቤትማ ይህን ያህል ምን ያደርግልኛል፥ ልጆቼ! እኩሌታው ባሕር ማዶ ላለችው ልጄ ነው። በሚዛን እንዳይከብድ እንጨቱን ሁሉ ቀንጥሼ፥ ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን ጨምሬ አስፈጭቼ ነው የምሰድላት» አሉ።

«በምን ይሄዳል?» ብንላቸው፥ «ሰው ሲሄድ ይሄዳል፤ ሰው ካልሄደ አይሄድም» ብለው መለሱልን።

ይህ አጭር ንግግር ለጥያቄያችን መልስ ሆነልን። በሩቅ አገር በረራ አንድ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ሁለት ሻንጣ፥ እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሚመዝን፥ እንዲይዝ ይፈቀድለታል። የወይዘሮዋም በርበሬ ከዚያ ሻንጣ ገብቶ ይሄዳል። ስለዚህ በአየር መንገዱ መዝገብ ከጭነት ዓምድ አይገኝም፤ ከአንድ መንገደኛ ስም በታች ተሰውሮ ያልፋል እንጂ። የቡሬ ሽሮና በሶ፥ ድርቆሽና በርበሬ ባሕር ተሻግሮ የስንቱን ቤት ገበታ ያሟላል፤ በቍጥር ግን አንድ ሰው ሄደ ተብሎ ብቻ ይጻፋል።

በጭነት ዓምድ የሚጻፈው ምን ዓይነት ዕቃ እንደ ሆነ ማወቅም ይጠቅማል። የአየር ኪራይ ውድ ስለ ሆነ፥ በአይሮፕላን የሚጫነው ወይ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው፥ እንደ አበባና እንደ ትኩስ ሥጋ፤ ወይም ክብደቱ ጥቂት ሆኖ ዋጋው ብዙ የሆነ ነው። በቆሎና ጤፍ ለዚህ አይመቹም፤ ለእነርሱ መኪና ይሻላቸዋል። ደግሞም ነጋዴ አሥር አህያ ወደ ገበያ ነድቶ ሰባቱን ብቻ ቢጭን፥ ለሦስቱ ገለባውን በከንቱ እንዳበላ ይቈጠራል። አየር መንገድም እንዲሁ ነው፤ አይሮፕላኑ ሙሉም ሆነ ባዶ ነዳጁን ይጠጣልና፥ ከወንበሩና ከዕቃ ማስቀመጫው ምን ያህሉ እንደ ተሞላ በየወሩ ይመረምራል። እንግዲህ በመንገደኛ አይሮፕላን ሆድ ውስጥ የሚተርፈው ስፍራ በንጹሕ ለታሸገ የአገራችን ፍሬ ሊሆን የሚችል ስፍራ ነው።

ስለ ንጽሕናውም ለቤት እመቤቶች አንድ ነገር እናስታውስ። በርበሬ በባዶ መሬት ላይ ተሰጥቶ ሲያድር እርጥበት ይይዘውና ይሻግታል። ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል፥ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመጣል፤ መርዙ በምጣድም በድስትም በቀላሉ አይጠፋም። የውጭ አገር መርማሪዎች በርበሬ የሚመልሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ በቆጥ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ማስጣት፥ ማታ ማታ ማንሣት፥ ፈጽሞ ሳይደርቅም አለመክተት ይገባል። ለባሕር ማዶ ልጅ የሚጠነቀቁትን ያህል በቤት ለሚበላው ልጅም መጠንቀቅ ነው።

ነገር ግን ሁሉ የሚጀምረው ከምድሩ መንገድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ሆኖ፥ ያለፍንበት መንገድ በየጊዜው ተዘግቷል፤ በዚያው በነሐሴ ወር የባሕር ዳርና የጎንደር በረራ ለጥቂት ቀናት ተቋርጦ ነበር። ፍኖተ ሰላምም ራሷ የሰው ሕይወት ጠፍቶባታል። የአይሮፕላኑ በረራ በቀናት ውስጥ ተመለሰ፤ የመኪናውና የአህያው መንገድ ግን እንዲህ ቶሎ አይመለስም። መንገድ ሲዘጋ የወይዘሮዋ በርበሬ ከቤት ይቀራል፤ ይህም መቅረቱ በማንም የወር መዝገብ አይጻፍም።

እንግዲህ ሥልጣን ላላችሁ አንባብያን የምንለው ይህ ነው። የአየር መንገዳችን ቍጥር ሲያድግ ደስ ይበለን፤ የሚገባ ደስታ ነውና። ቍጥሩን ስናነብ ግን ያልተጻፈውን ደግሞ እንጠይቅ፤ ከገጠር ተነሥቶ ገበያ ያልደረሰው ስንት ነው? እንበል። በ1933 ዓ.ም. በዚያ መንገድ ያለቁት ግመሎች ስንቅና ጥይት ተሸክመው ነበር፤ ከእንግዲህ ወዲያ የሚያልፈው ጭነት በርበሬና ማር እንዲሆን፥ ከተማይቱም እንደ ስሟ የሰላም መንገድ እንድትሆን እግዚአብሔር ይርዳን።