ባሕር ዳር እያለልን ሊሎንግዌ

እኛ ጎጃም፣ ቁይ ውስጥ፣ ስለ ዋልያዎቹ ከተነሳ ወሬው ሁልጊዜ ከዳኛው ይጀምራል። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ከናይጄሪያ ጋር። የሳላዲን ሰዒድ ኳስ መስመሩን አልፋለች ወይስ አላለፈችም? ያኔ አንቀልባ ላይ የነበረው ልጅ ሳይቀር ዛሬ «አልፋለች!» ብሎ ይምላል። እኔም አልፋለች ባይ ነኝ። ዳኛው ግን አላየም፤ ካላየ ወዲያ የኛ መሐላ ምን ይፈይዳል?

የዚያን ዕለት ዲኤስቲቪ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ መግባት ያልቻለው በመስኮት ተንጠልጥሎ ነበር የሚያየው። አግዳሚው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሰዓት ሲረዝም ይቆረቁራል። በኃይሉ አሰፋ ያሻማት ኳስ የናይጄሪያውን ግብ ጠባቂ ቪንሰንት ኢንየማን አልፋ መረብ ላይ ስታርፍ ግን ስለ አግዳሚው ያሰበ አልነበረም። ሰው በሰው ላይ ወጣ። ለዓለም ዋንጫ 180 ደቂቃ የቀረው አገር፣ የአፍሪካን ሻምፒዮን 1 ለ 0 እየመራ! ከዚያ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ መቺው ያው ሰውዬ ነው። 2 ለ 1። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ኧረ ልጆቼ፣ መልሱ አለ» ይሉ ነበር። ኅዳር 7 ካላባር ላይ መልሱም መጣ፤ 2 ለ 0 ተሸነፍንና ብራዚል በዚያው ቀረች።

ይኼ ያንገበግባል። ግን በናይጄሪያ መሸነፍ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ያንን ጨዋታ ይቅር ካልኩት ቆይቻለሁ። ይቅር ልለው ያቃተኝ ሌላ ነው።

አስቀድሞ የነበረውን ዓመት አስታውሱት። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ግቦች 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ኦምዱርማን ላይ የደረሰብንን 5 ለ 3 ሽንፈት ቀልብሰን፣ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር የዋለው ጥር 13 ቀን ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን የወሰድንበት ቀንም ጥር 13 ነው፣ 1954 ዓ.ም.። ይህን የሚያውቅ ሰው እንዴት ልቡ አይነሳ! ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ የዛምቢያ ግብ ጠባቂ በቀይ ወጣ፤ አዳነ አቻ አደረገ፤ 1 ለ 1። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉንና ተመለስን። ሰው ግን አልተቀየመም። ሰውነት ቢሻው ያሠለጠነው ቡድን ኳስ ይዞ ሲጫወት ማየት ብቻውን ያጠግብ ነበር።

ሰኔ 9 ቀን 2005 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ደግሞ ቁይ ሠርግ ሆነች። ምድቡን ጨረስነው ተብሎ ባንዲራ ወጣ፣ ጥሩምባ ተነፋ። ደስታው ሳይበርድ ግን በዚያው ዕለት የፊፋ ወሬ ደረሰ፤ ከሳምንት በፊት ቦትስዋናን ባሸነፍንበት ጨዋታ ምንያህል ተሾመ መሰለፍ አልነበረበትም። ሁለት ቢጫ አይቷል፤ ቅጣት አለበት። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ልጁ ምን ያድርግ፣ አሰልፉኝ አላለ! ቢጫ ካርድ ቆጥሮ መዝግቦ መያዝ የቢሮ ሥራ ነው። ለማንኛውም ልጆቹ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ቢሮው ያበላሸውን ሜዳ ላይ አቃኑት። ያኔ ተርፈናል፤ ጠባዩ ግን አልለቀቀንም።

አንድ ገበሬ ሰኔ ላይ ዝናቡ ጥሎለት፣ ዘሩ በእጁ እያለ ቢተኛ ሰው ምን ይለዋል? ያ ጊዜ ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ሰኔ ነበር። ነጋዴው መስጠት ይፈልጋል፣ አባት ልጁ ኳስ ሲራገጥ መቆጣቱን ትቷል፣ እረኛው ሳይቀር የአዳነን ስም ያውቃል። በጥር 2006 የአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች በሚሰለፉበት በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ ሳናስቆጥር ተሸነፍን፤ ሰውነት ተሰናበተ፤ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ፤ እሱም ሄደ። ከዚያ አሠልጣኝ መቀያየሩ ቀጠለ። ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ... ቡድኑ በወደቀ ቁጥር ሰው ይባረራል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። ለእኛ ለጎጃሞች ትልቁ ዕድል ብራዚል አልነበረም፤ የባሕር ዳር ስታዲየም ነበር። ድሮ ዋልያዎቹን በዓይን ለማየት ዓባይ በረሃን መሻገር ነበረብን። በ2007 ሌሶቶን እዚያ ሲያስተናግዱ ነገሩ ተለወጠ። ከቁይ ተነስቶ፣ በቢቸናና በሞጣ በኩል አድርጎ፣ ብሔራዊ ቡድኑን ከቅርብ አይቶ መመለስ ተቻለ። ወጣቱ ብር አዋጥቶ ሚኒባስ በኮንትራት ይይዛል፤ ስንቁ ዳቦ ቆሎ ነው፤ መዝሙሩ መንገድ ላይ ያልቃል።

ኅዳር 9 ቀን 2012 አይቮሪ ኮስትን ያሸነፍነው እዚያ ነው። ሱራፌል ዳኛቸው አንድ፣ ሽመልስ በቀለ አንድ፣ 2 ለ 1። ከኋላዬ የነበረ የማያውቀኝ ሰው አንገቴን አንቆ ይስመኝ ነበር። የተቀመጥነው ሲሚንቶ ላይ ነው። በር ላይ ልጆች የብስኩት ካርቶን ገነጣጥለው ይሸጣሉ፤ አንዱን ገዝተህ ከሥርህ ታነጥፋለህ፤ ጨዋታው ሲያልቅ የመቀመጫህን ቅርጽ ይዞ እዚያው ይቀራል። ወንበር የለም ብሎ ያጉረመረመ ሰው አልሰማሁም። ያ ሁሉ ሰው እየዘመረ፣ ሽመልስ ከፊቱ እየሮጠ ስለ ወንበር ማን ያስባል! ማሰብ የነበረበት ሌላ ነው፤ ለዚያ የሚከፈለው።

በመጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያደባየነውም በዚያው ሜዳ ነው። ለካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ያደረሰንም ባሕር ዳር ላይ የሰበሰብነው ነጥብ ነበር። መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካ መጥታ 3 ለ 1 አሸንፋን ሄደች። ብዙም ሳይቆይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ሜዳውን ዘጋው። ሣሩ፣ የተመልካች ወንበሩ፣ መብራቱ፣ የመልበሻ ክፍሉ መስፈርቱን አያሟሉም ተባለ። የአዲስ አበባውም ቢሆን አልሆነም። ካፍን ማማት ይቻላል፤ እኛ ከአራቱ መሥራቾች አንዷ ነን፣ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የመሩት ድርጅት ነው እያልን ማማረርም ይቻላል። ግን ወንበር አስገጥሙ፣ መብራት ስቀሉ መባል ምን ክፋት አለው? ከብራዚል ማጣሪያ እስከ እገዳው ስምንት ዓመት ነበረን። ስምንት ዓመት! ናይጄሪያ በገንዘብም በተጫዋችም ትበልጠናለች እንበል፤ ወንበሩንስ ማን ነው ቀድሞ የወሰደብን?

ከዚያ ወዲያ «ሜዳችን» የሚባለው ነገር ተቅበዘበዘ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ግብፅን! ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ አስቆጠሩ። የት? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። በወረቀት ላይ ባለሜዳ እኛ ነበርን፤ የኛ ሰው ግን አልነበረም ከማለት አይተናነስም። ያ ጨዋታ ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስካሁን ጣቴን እነክሳለሁ። ያ የተመልካች ድምፅ ልጆቹ ጆሮ ውስጥ ቢገባ ለሚቀጥለው ማጣሪያ ስንቅ ይሆናቸው ነበር። አልሆነም። በቀጣዩ ዓመት ጊኒ ሞሮኮ ላይ ሁለት ጊዜ አሸነፈችን፤ ከሁለቱ አንዱ የኛ የሜዳ ጨዋታ ነው መባሉ ደግሞ ያስቃል። ግብፅን ያሸነፍንበት ማጣሪያ ከንቱ ቀረ።

በኅዳር 2017 ጭራሽ ታንዛኒያን «ያስተናገድነው» ኪንሻሳ ላይ ነበር። 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ የሞሮኮው አፍሪካ ዋንጫ በዚያ አበቃ። በ2008 አዲስ አበባ ላይ ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ያን ጊዜም አላለቀም ነበር።

ቁይ ላይ ታዲያ የሆነውን ልንገራችሁ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ዛሬም አለ፤ አግዳሚው ግን በላስቲክ ወንበር ተተክቷል። (አዎ፣ ቁይ ወንበር ገብቷል።) ዋልያዎቹና የእንግሊዝ ሊግ በአንድ ሰዓት ከገጠሙ የሚከፈተው የእንግሊዙ ነው። ባለቤቱን ብትቆጣው «ጋሼ፣ ለዋልያ ስንት ሰው ይከፍልልኛል? አንተና እነዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ናችሁ» ይልሃል። እውነቱን ነው። የአርሰናል ማሊያ የለበሰውን ልጅ የብሔራዊ ቡድኑን በረኛ ስም ብትጠይቀው ጓደኛውን ያያል። አልፈርድበትም። ዋልያዎቹ ለዚህ ልጅ ስልክ ላይ የሚመጡ ቁጥሮች ናቸው፤ ሲያድግ ያያቸው በሰው አገር ሜዳ፣ ባዶ መቀመጫ ፊት ሲጫወቱ ነው። የኔ ዘመን ልጅ ግን በዓይኑ አይቷቸዋል፣ ካርቶን አንጥፎ።

ከታንዛኒያው ሽንፈት ሦስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 10፣ ዋልያዎቹ ዲሞክራቲክ ኮንጎን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ቀድማ ያለፈችውን፣ የምድቡን መሪ! ውጤቱን ያነበብኩለት ልጅ ዓይኑ በራና «እና አለፍን ማለት ነው?» አለኝ። የለም፣ ቀድመን ወድቀናል አልኩት። «ታዲያ እንዲህ የሚችሉ ከሆነ በፊት የት ነበሩ?» አለ። በፊት የት እንደነበሩ ቆጠርኩለት፤ ሊሎንግዌ፣ ሞሮኮ፣ ኪንሻሳ። ባሕር ዳርን ሲጠብቅ ቆይቶ አልጠራሁለት ሲል ወደ ስልኩ ተመለሰ።